ስክሪኑ ከመቀየሩ በፊት ባክላይቱ ይፈተሽ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ የወጣው የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የላፕቶፕ ስክሪን በድንገት ሲጨልም ባለቤቱ ስክሪኑን በአዲስ እንዲያስቀይር፣ ማሽኑ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቢገዛ እንደሚሻል መክሯል። ዓምዱን ዘወትር የምከታተልና ብዙ የተማርኩበት አንባቢ ነኝ፤ በዚህ ምክር ግን ስለማልስማማ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለብዙ ዓመታት በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ስኖር በእጄ ካለፉት የጨለሙ ስክሪኖች መካከል ምስላቸው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ብርሃናቸው ብቻ የጠፋባቸው እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ አዲስ ስክሪን ሳያስፈልጋቸው የዳኑት ጥቂት አይደሉም። አንባቢዎቻችሁ ገንዘባቸውን፣ አንዳንዴም በማሽኑ ውስጥ ያለ የዓመታት ሥራቸውን ከማጣታቸው በፊት ምስልና ብርሃን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንዲያውቁ፣ ይህን ደብዳቤ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ያለው የኤልሲዲ ስክሪን በራሱ ብርሃን አያወጣም። በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል የታሸገው ፈሳሽ ክሪስታል ሥራው ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ነጥብ በነጥብ ማሳለፍ ወይም መከልከል ነው፤ ፀሐይ በበራችበት መስኮት ላይ እንደተሰቀለ ባለ ሥዕል መጋረጃ ልንቆጥረው እንችላለን። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ሥዕሉ ከመጋረጃው ላይ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የሚታይበት ብርሃን ነው። ባክላይት የምንለው ክፍል ይህች ፀሐይ ሲሆን፣ በአሁኖቹ ማሽኖች በስክሪኑ ታችኛ ጠርዝ ላይ በአንድ ቀጭን ሰቅ የተደረደሩ፣ ኤልኢዲ የተባሉ ጥቃቅን መብራቶች ናቸው። እነሱ የሚያመነጩትን ብርሃን ከመስታወቱ ጀርባ ያለ ግልጽ የፕላስቲክ ሰሌዳ ተቀብሎ ወደ ፊት ያሰራጨዋል፣ በላዩ የተነባበሩ ስስ ሽፋኖች ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያደርጉታል። በዚህ ሁሉ መንገድ አልፎ ዓይናችን ዘንድ የሚደርሰው ብርሃን ከተነሣው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም፤ ኤልኢዲዎቹ ሲጠፉ ስክሪኑ ደብዘዝ ከማለት ይልቅ ጥቁር መስሎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ባክላይት የሌላቸው የኦሌድ ስክሪኖች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጥባቸው በራሱ ስለሚያበራ ከዚህ በታች የምጽፈው እነሱን አይመለከትም።

ይህ ከታወቀ፣ የመጀመሪያው ፈተና ከእጅ ባትሪ ወይም ከስልክ መብራት በቀር ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ላፕቶፑ መነሣቱ በፋኑ ድምፅ ወይም በኪቦርዱ መብራት ከተረጋገጠ በኋላ ክፍሉን አጨልሞ፣ መብራቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ከጎን በኩል አጋድሞ ማብራት ነው። መብራቱን ፊት ለፊት የሚይዝ ሰው የሚያየው የመብራቱን ነጸብራቅ ብቻ ስለሆነ «ምንም የለም» ብሎ ይደመድማል፤ ይህን ስሕተት ባለሙያዎች ሲፈጽሙትም አይቻለሁ። መብራቱን በእርጋታ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ዓይንን ከፍና ዝቅ በማድረግ መፈለግ ያስፈልጋል። የይለፍ ቃል መጻፊያው ሳጥን፣ ሰዓቱ ወይም የአንድ አዶ ጥላ በጨረፍታ እንኳ ከታየ ማዘርቦርዱም (የማሽኑ ዋና ቦርድ)፣ የግራፊክስ ክፍሉም፣ ምስል የሚያመላልሰው መስመርም፣ መስታወቱም በሕይወት አሉ፤ የጎደለው ብርሃን ብቻ ነው። ምንም ካልታየ ማሽኑ ተኝቶ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቁልፍ ነክቶ ወይም እንደገና አስነሥቶ መድገም ይገባል፤ አንድ ጊዜ ሞክሮ የተተወ ፈተና እንደ ፈተና አይቆጠርም።

በዚሁ አጋጣሚ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ወይም በሌላ ኬብል ከውጭ ስክሪን ጋር ማገናኘት ብልህነት ነው። ምስሉ በውጭው ስክሪን ላይ በደንብ ከታየ ከማንኛውም ጥገና በፊት ሰነዶቹንና ፎቶግራፎቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቻላል። ስክሪኑ የጨለመበት ሰው ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹም አብረው የጠፉ ይመስለውና በጭንቀት የቀረበለትን ዋጋ ሁሉ ይቀበላል፤ ሥራው በእጁ እንዳለ ሲያውቅ ግን ተረጋግቶ ያስባል፣ ይጠይቃል፣ ያወዳድራል። ለዚህም ስል ይህን እርምጃ ከቴክኒካዊ ጥቅሙ በላይ ከፍ አድርጌ እመለከተዋለሁ።

ብርሃኑ ብቻ መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላም ማሽኑን ለመፍታት መቸኮል አይገባም። የብርሃን መጠኑ በስሕተት እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ ሊሆን ስለሚችል የኤፍኤን ቁልፍን ይዞ የብርሃን መጨመሪያውን ደጋግሞ መጫን፣ ቻርጀሩን ነቅሎ ባትሪው ሊወጣ የሚችል ከሆነም አውጥቶ የማስነሻውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ወደሚከፈተው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ፣ ማለትም ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። በባዮስ ውስጥ ብርሃን ኖሮ ዊንዶውስ ሲነሣ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የሶፍትዌር ወይም የግራፊክስ ድራይቨር (የምስሉን ክፍል የሚያዝ ፕሮግራም) ስለሆነ ብሎን መንካት አያሻም። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ምክንያት ደግሞ ክዳኑ መዘጋቱን ለማሽኑ የሚነግረው አነፍናፊ ነው። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች በክዳኑ ጠርዝ አንዲት ትንሽ ማግኔት፣ በታችኛው አካል ደግሞ ማግኔቷን የሚለይ ጥቃቅን ዕቃ አለ። ማግኔት ያለው የስልክ መያዣ ወይም አምባር በኪቦርዱ አጠገብ ሲያርፍ፣ ወይም አንዱ ላፕቶፕ በሌላው ላይ ተደርቦ ሲቀመጥ ማሽኑ ክዳኔ ተዘግቷል ብሎ ብርሃኑን ያጠፋል። ባለንብረቷ ሴት የእጅ አምባሯን በማውለቋ ብቻ የዳነ ላፕቶፕ አስረክቤ አውቃለሁ፤ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ቦታ ስክሪኑ መቀየር እንዳለበት ተነግሯት ነበር።

ከዚህ ካለፈ ስክሪኑ ራሱ በጠባዩ ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ሲያገኝ ማለቴ ነው። ክዳኑ ወደ ኋላ ሲጋደም የሚጠፋ፣ ወደ ፊት ሲመለስ የሚበራ ብርሃን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የኬብል ጥፋት ነው፤ ከማዘርቦርዱ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ኬብል በማጠፊያው ውስጥ ስለሚያልፍ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየታጠፈ ከጊዜ በኋላ ፀጉር የሚያክሉት ሽቦዎቹ ይቆረጣሉ። ማጠፊያው የጠነከረበት ወይም የተሰነጠቀበት ላፕቶፕ ላይ ይህ ቶሎ ይደርሳል። ማሽኑ ሲነሣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ብርሃን ደግሞ ኃይል እንደሚደርሰው፣ ነገር ግን ኤልኢዲዎቹን የሚነዳው ሰርኪዩት የሆነ ጉድለት አግኝቶ ራሱን ለመጠበቅ እንደሚዘጋ ያመለክታል። በስክሪኑ ግርጌ አንዱ ክፍል ጨልሞ ሌላው ሲበራ ከኤልኢዲ ረድፎቹ አንዱ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ኤልኢዲዎቹ በየረድፉ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠሉ ስለሆኑ አንዷ ስትበጠስ የረድፉ ሌሎችም አብረዋት ይጠፋሉ። ውሃ ወይም ሻይ ከፈሰሰበት ከቀናት በኋላ የጨለመ ማሽን ላይ መጀመሪያ የማየው የስክሪኑ ኮኔክተር (የኬብሉ መሰኪያ) የሚሰካበትን የማዘርቦርድ ክፍል ነው፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት እዚያ ይጠብቀኛል።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ፣ ነገር ግን ደብዳቤውን ወደጻፍኩበት ዋና ምክንያት ልምጣ። በሥራው ገና ብዙ ባልቆየሁበት ጊዜ አንድ ተማሪ መስታወቱ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ አመጣልኝ። የመመረቂያ ጽሑፉ በውስጡ ነበር። ስክሪኑ ከስንጥቁ በቀር ይሠራል፣ ብርሃንም አለው። ማሽኑን አጠፋሁት፤ ባትሪውን ግን አላላቀቅኩም። አሮጌውን ስክሪን ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ፤ ሲነሣ ጨለማ ሆነ። የተላከልኝ ስክሪን ብልሹ ነው ብዬ ሌላ አስመጣሁ፤ እሱም ጨለመ። በዚያን ጊዜ የእጅ ባትሪ ማብራት አልታሰበኝም። ለተማሪው ማዘርቦርዱ እንደተቃጠለ ነገርኩት፤ የጽሑፉን ፋይል ከሃርድ ዲስኩ ገልብጬ ሰጠሁትና ማሽኑን ለመለዋወጫ ትቶልኝ ሄደ። ሌላ ላፕቶፕ ለመግዛት መበደሩን ኋላ ሰማሁ።

ከወራት በኋላ ያንኑ ማሽን ለሌላ ጥገና መለዋወጫ ልፈታው ሳነሣው በመስኮቱ በኩል የገባ የፀሐይ ጨረር ስክሪኑን በአግድም መታው፤ በጥቁሩ ላይ የተማሪውን ስም አነበብኩ። ምስሉ ያን ጊዜ ሁሉ እዚያ ነበር። የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ መልቲሜትሬን አምጥቼ በስክሪኑ ኮኔክተር አቅራቢያ ካለች፣ የሩዝ ፍሬ ከማታክል ፊውዝ በአንዱ ጫፍ 19 ቮልት፣ በሌላው ጫፍ ዜሮ አነበብኩ። ባትሪው እንደተገናኘ ኬብሉን ስሰካ ወደ ባክላይቱ የሚሄደው የኃይል መስመር ከጎኑ ካለ መስመር ጋር ለቅጽበት ተነካክቶ ፊውዟን አቃጥሏታል። ፊውዟን ስቀይር ስክሪኑ በራ። ላፕቶፑን ለባለቤቱ መለስኩለት፣ የከፈለኝንም ጭምር፤ የተበደረውን ግን ልመልስለት አልቻልኩም። ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ሳይሆን ያልተመረመረ ነበር፤ ፊውዟን ያቃጠልኩትም እኔው ነበርኩ።

ስለዚህም ለሥራ ባልደረቦቼና ላፕቶፓቸውን በቤታቸው ለሚፈቱ አንባቢዎች ከሁሉ አስቀድሜ የማሳስበው ይህን ነው፦ ማሽኑን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ላፕቶፕ ጠፍቶም በስክሪኑ ኮኔክተር ዙሪያ ከባትሪው የሚመጣ ኃይል ሊኖር ይችላል። ቻርጀሩ ይነቀል፤ ባትሪው ከውስጥ የተገጠመ ከሆነ የታችኛው ክዳን ተፈትቶ የባትሪው ኮኔክተር ይላቀቅ፤ የማስነሻው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ የቀረው ኃይል ይፍሰስ፤ የስክሪኑ ኬብል ከዚያ በፊት አይነካ። አንዳንድ ላፕቶፖች ለዚሁ ሲባል ባትሪውን ከባዮስ ውስጥ ማቋረጥ የሚያስችል ምርጫ አላቸው።

ለባክላይቱ የሚያስፈልገው ነገር ሦስት ብቻ መሆኑን ማወቅ ምርመራውን ያቀልላል። አንደኛው ኃይል ነው፤ በአብዛኛው ከ5 እስከ 21 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ በፊውዝ በኩል አልፎ ይመጣል። ሁለተኛው ማዘርቦርዱ «አብራ» ብሎ የሚልከው የፈቃድ ምልክት ሲሆን ብዙውን ጊዜ 3.3 ቮልት ነው። ሦስተኛው የብርሃኑን መጠን የሚወስነው፣ በፍጥነት እየበራና እየጠፋ የሚሄደው ምልክት ነው። እነዚህን ተቀብሎ ኤልኢዲዎቹ ወደሚፈልጉት ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚያሳድገው ሰርኪዩት በብዙዎቹ ማሽኖች ከስክሪኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ቦርድ ላይ፣ በጥቂቶቹ ደግሞ በራሱ በማዘርቦርዱ ላይ ይገኛል። አንዱ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ አሥር ያህል የተቀጣጠሉበት ረድፍ 30 ቮልት ገደማ ይጠይቃል። ሦስቱም ግብዓቶች በስክሪኑ በኩል ከተገኙና ብርሃን ከሌለ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው፤ በማዘርቦርዱ በኩል ተገኝተው በስክሪኑ በኩል ከጠፉ የኬብሉ ነው፤ በማዘርቦርዱ በኩልም ከሌሉ አዲስ ስክሪን መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። በኮኔክተሩ ላይ ኃይል እያለ መለካት ግን ለጀማሪ አይመከርም፤ የመልቲሜትሩ ጫፍ ተንሸራትቶ ሁለት ፒኖችን (የኮኔክተሩን ጥቃቅን እግሮች) ካገናኘ ለብርሃን የታሰበው ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ምስል መስመሮቹ ገብቶ እውነተኛውን የማዘርቦርድ ቃጠሎ ያመጣል። ለመለካት ፊውዟ ራሷ የተሻለች ቦታ ናት።

የተቃጠለች ፊውዝ በተገኘች ጊዜ በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት የተለመደ አቋራጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ አጥብቄም እቃወመዋለሁ። ፊውዝ የሚቃጠለው ከሚገባው በላይ ኃይል ስላለፈበት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው መስመር ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመር) ጋር የተነካካ መሆን አለመሆኑ ኃይሉ ተቋርጦ ሳይለካ በሽቦ የተገናኘ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቃጠለው ኬብሉ ወይም ቦርዱ ይሆናል። ትክክለኛ መጠን ያላት ፊውዝ እስክትገኝ ድረስ ማሽኑ በውጭ ስክሪን ሊያገለግል ይችላልና የሚያስቸኩል ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት የተሠሩ ላፕቶፖች ዛሬም በአንዳንድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ስለሚያገለግሉ ስለ እነሱም ጥቂት ልበል። የብዙዎቹ ባክላይት ኤልኢዲ ሳይሆን ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው፤ እሱን የሚያበራው ኢንቨርተር የተባለ ጠባብ ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከስክሪኑ ግርጌ ተገጥሞ ይገኛል። ቱቦው ሲያረጅ ብርሃኑ መጀመሪያ ወደ ሮዝ ያደላል፣ ለመሞቅም ጊዜ ይወስዳል፤ ኢንቨርተሩ ሲበላሽ ግን ብርሃኑ ሮዝ ሳይል በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ኢንቨርተሩ ቱቦውን ለማቀጣጠል ከ1000 ቮልት በላይ ስለሚያመነጭ ማሽኑ በርቶ ሳለ መንካት አደገኛ ነው። ቱቦው ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ ስለ ሜርኩሪ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት እንደነዚህ ባሉት አጫጭር ቱቦዎች ውስጥ የሚኖረውን ሜርኩሪ በ3.5 ሚሊግራም የገደበው ያለ ምክንያት አይደለም። የተሰበረ ቱቦ በባዶ እጅ አይነካም፣ ክፍሉም መናፈስ አለበት።

ጥፋቱ በእርግጥ የስክሪኑ ሆኖ ሲገኝ ኤልኢዲ ሰቁን ብቻ ልቀይር ወይስ ሙሉውን ፓነል (መስታወቱና ባክላይቱ አንድ ላይ የታሸጉበትን አካል) የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ሰቁን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ በዕድሜ በገፉትና ወፈር ባሉት ፓነሎች ላይ ሠርቼዋለሁ። በአሁኖቹ ስስ ፓነሎች ላይ ግን አልመክረውም፤ መስታወቱን ከሽፋኖቹ መለየት ግድ ስለሚል አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች እስከ መጨረሻው እንደ ነጥብ ትታያለች፣ መስታወቱም በጥቂት ጫና ይሰነጠቃል። ሙሉ ፓነል ሲገዛ በላፕቶፑ ሞዴል ስም ብቻ መግዛት ስሕተት ነው፤ አንድ ስም ያላቸው ላፕቶፖች ከተለያዩ አምራቾች የመጡ ፓነሎችን ይዘው ይገኛሉ። የሚያስተማምነው ከአሮጌው ፓነል ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው የፓነሉ ቁጥር ነው። ባለ 30 ፒን ከባለ 40 ፒን አይገጥምም፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ ባለ 40 ፒን ሆነው ኤልቪዲኤስ በተባለው አሮጌና ኢዲፒ በተባለው አዲስ የምስል ማስተላለፊያ ስልት የሚሠሩ ፓነሎች ኮኔክተራቸው ስለሚመሳሰል ተቀያይረው ቢሰኩ ሊቃጠሉ መቻላቸው ነው። የብሎን ማሰሪያ ጆሮዎቹ ቦታ፣ የምስል ጥራቱና የመዳሰሻ መኖር አለመኖርም አስቀድሞ መታየት አለበት።

የመግጠሙ ሥራ ራሱ ከምርመራው ይልቅ ቀላል ነው። በስክሪኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ክፈፍ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ መላቀቂያ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፤ በብረት ካቻቢቴ የፈለቀቀው ሰው ክፈፉን ወይም መስታወቱን ይሰብራል። ፓነሉ በብሎን ወይም በክፈፉ ሥር በሚሳብ ማጣበቂያ ይያዛል፤ ከተላቀቀ በኋላ በኪቦርዱ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ተነጥፎ በፊቱ ይደፋል። በኮኔክተሩ ላይ ያለው ፕላስተር መጀመሪያ ይነሣል፣ ኬብሉ ወደ ላይ ሳይሆን በአግድም ይሳባል። አዲሱ ከተሰካ በኋላ ማጣበቂያውና ክፈፉ ከመመለሳቸው በፊት ባትሪው ተገናኝቶ መሞከር አለበት፤ ኬብሉን ዳግም ለመንካት ግን ባትሪው እንደገና ይላቀቃል። ይህ መመላለስ አሰልቺ መሆኑን አውቃለሁ፤ የተማሪውን ላፕቶፕ ያበላሸሁት ግን ይህን አሰልቺ ነገር ስለዘለልኩ ነው።

የዓምዳችሁ ጸሐፊ ስክሪኑን በሙሉ መቀየርን የመከሩት ምናልባት የአንዳንድ ማሽኖች አሠራር ሌላ ምርጫ ስለማይሰጥ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ላይ የባክላይቱ ስስ ኬብል በክዳኑ መከፈትና መዘጋት ተሻሽቶ ይቆረጥ ነበር፤ ስክሪኑ መጀመሪያ በግርጌው የመድረክ መብራት የመሰለ ብርሃን ያሳይና በኋላ ፈጽሞ ይጨልማል። ኬብሉ የስክሪኑ አካል ሆኖ ስለተሠራ በአንድ ቁራጭ ኬብል ምክንያት ሙሉው ስክሪን መቀየር ነበረበት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 ያለ ክፍያ የሚጠግንበትን መርሐ ግብር ከፍቷል። ፈረንሳይ በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ላፕቶፕን ጨምሮ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ለጥገና ያላቸውን አመቺነት ከ10 የሚመዝን ነጥብ ለገዢው እንዲታይ ደንግጋለች፤ ነጥቡ የመፍታት ቅለትንና የመለዋወጫን ዋጋ ይጨምራል። ችግሩ ከንድፉ እንደሚጀምር መንግሥታት ሳይቀሩ ከተቀበሉ፣ እኛም በዕለት ተዕለት ምክራችን ሊጠገን የሚችለውን ከማይጠገነው መለየት ይገባናል።

በመጨረሻም ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የጥገና ባልደረቦቼ ደንበኛው ፊት የእጅ ባትሪውን አብርተው የሚታየውን እንዲያሳዩት፣ ያገኙትንም በደረሰኙ ላይ «ምስል አለ፣ ብርሃን የለም፤ ፊውዝ ተለክቷል፣ ኬብል ተፈትሿል» ብለው እንዲጽፉ እለምናለሁ፤ ይህ የተጻፈለት ሰው ወደ ሌላ ባለሙያ ቢሄድ እንኳ ምርመራው ከባዶ አይጀምርም። ዝግጅት ክፍላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ዓምዱን አርሞ የእጅ ባትሪውን ፈተና ለአንባቢ እንዲያስተምር፣ ባትሪውን ስለማላቀቅ የሚናገረውንም ማስጠንቀቂያ አብሮ እንዲያትም እጠይቃለሁ። ቦታው የሚጠብ ከሆነ ከደብዳቤዬ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ እነዚህ ሁለቱ እንዳይቀሩብኝ አደራ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ